የማስመሪያው ሩጫ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉ መጨረሻ ነው፤ ሰፈር አውርቶ፣ ተማክሮ፣ ስቆ ሲያበቃ ነው ወሬው ዞሮ ዞሮ ባለቤቱ ዘንድ የሚደርሰው። የመስመር ዳኛው ግን በዚያ እሁድ ጠዋት ጓሮ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሎ ታኬታውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ፣ የራሱን ወሬ በገዛ ጆሮው ሰማ። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ስልክ እያወራ ነው። "እሱን ይተዉት" ይላል፣ የበላይ ሰው ሲያናግር ብቻ በሚያወጣት ለስላሳ ድምፁ። "ወንድሜ ስለሆነ እኮ ነው እውነቱን የምነግርዎት። ትኩረት የለውም። እኔ መሀል ሆኜ በዓይኔ ስለምይዘው ነው ቦታው ላይ የሚገኘው። ብቻውን ላይኛው ሊግ ቢወጣ ያዋርደናል። እንዳለፈው ዓመት ይለፈው፤ ከኔ ጋር ይሁን።" ከዚያ ትንሽ አዳመጠና ሳቀ። "እሺ፣ እሺ፤ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት። ሻዩን እኔ እችላለሁ።"

የመስመር ዳኛው መፈተጉን አላቆመም። የግራውን ጫማ ጨርሶ የቀኙን አነሳ። ይህን የሰማ ሰው ወይ ብድግ ብሎ ወጥ ቤት ይገባል፣ ወይ ደሙ ይፈላል ብሎ ራሱን ጠበቀ፤ ምንም አልመጣም። ጥርስ ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ድድ የሚሆነውን ሆነ፤ ነገሩ እዚያ እንዳለ ያውቃል፣ ስሜቱ ግን የለም። "እንዳለፈው ዓመት" የምትለዋን ብቻ በልቡ ደጋገማት። ባለፈው ዓመት፣ ካቻምና፣ ከዚያም በፊት፣ ወደ ላይኛው ሊግ ያለፉ ረዳት ዳኞች ስም ሲለጠፍ የሱ ስም አልነበረም፤ በሦስቱም ጊዜ የተሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ትኩረት ይጎድለዋል። እሱም የዋህ፣ አምኖ ተቀብሏል። ትኩረት ይጨምራል የተባለውን ሁሉ ሞክሯል። ከግድግዳው ሰዓት ፊት ወንበር ስቦ የሰከንዷን ዘንግ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በዓይኑ ሲከተል ከርሟል፤ ሻይ ትቷል፤ የክፍሉን ጣሪያ ምስማር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቆጥሯል፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው። ታላቅ ወንድሙም በሩ ላይ ቆሞ "አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ" ይለው ነበር።

ሜዳ የሚውል ሰው ሁሉ "ማስመሪያው" ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ተከላካዮች ናቸው፤ ዞር ባሉ ቁጥር ትክክል ትይዩአቸው ላይ ስለሚያገኙት። የመስመር ዳኛ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ባንዲራ ይዞ ወዲያ ወዲህ ማለት ይመስላል። ዋናው ግን የቆሙበት ቦታ ነው። ከግብ ጠባቂው በፊት ካለው የመጨረሻ ተከላካይ ጋር እኩል ካልሆኑ ዓይን ይዋሻል፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ የቀረ ዳኛ ያላለፈውን አልፏል፣ ያለፈውን አላለፈም ይላል። ስለዚህ ማስመሪያው ኳስ አያይም። ተመልካች ሁሉ ኳስ ሲያይ እሱ የተከላካይ ወገብ ያያል፤ ኳሷ ስትመታ በጆሮው ይሰማታል፤ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ እንደ ሸርጣን በጎን ይሮጣል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መስታወት ቤት ተቀጥሮ መስታወት ይቆርጣል፤ እዚያም ያው ነው፣ መስመር ይዞ እጅ ሳያወላውል መሄድ። በሚቀጥለው ወር አርባ ይሞላዋል። አርባ የሞላው ሰው ስሙ ለላይኛው ሊግ አይቀርብም። የዳኞች ኃላፊው ዛሬ ራሳቸው መጥተው ሊያዩት ነው፤ ዛሬ ካላለፈ መቼም አያልፍም።

ቁርስ ላይ ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ እናት፣ ታላቅና ታናሽ። ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቶ ስለቆመ አራተኛው ወንበር ሰው አይቀመጥበትም፤ የተተኮሱ ሁለት ጥቁር ማሊያዎች ተደርበውበታል። ታላቅየው ሚስቱ ትታው ከሄደች ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ወደ እናቱ ቤት ተመልሶ መስኮት ያለውን የፊት ክፍል ይዟል፤ ታናሽየው ያን ጊዜ ፍራሹን ተሸክሞ የውሃው በርሜል ወዳለበት የኋላ ክፍል ሲዛወር ማንም ተዛወር አላለውም፣ ማንም ተው አላለውም። እናታቸው መጥበሻውን እንደያዙ ለታላቁ ሁለት፣ ለታናሹ አንድ እንቁላል አወጡ። "እንቁላል እኮ የሚቀመስ አልሆነም" አሉ። "አምና በአንድ ዋጋ ሦስት እገዛ ነበር። ዶሮዎቹ ወርቅ ነው እንዴ የሚለቅሙት?" ታላቅየው ሳቀና "ለመሀል ዳኛ ሁለት፣ ለመስመር ዳኛ አንድ፤ ሕጉ ነው" ብሎ ቀለደ። ይህን ቀልድ በየእሁዱ ይቀልዳል፤ በየእሁዱም ታናሽየው ፈገግ ይላል። ዛሬ ፈገግታውን ፈልጎ አጣው። የወንድሙን ፊት ትክ ብሎ አየ፤ ከሃዲ ሰው ፊቱ ላይ የሚታወቅበት ነገር ይኖር እንደሆነ ብሎ ነው። ያገኘው ጢሙ ላይ የተጣበቀች የእንቁላል ፍርፋሪ ብቻ ነበረች።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አሉት እናቱ።

"ምንም።"

"ቀኑ ከብዶት ነው፣ እማዬ" አለ ታላቅየው፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። "አይዞህ። እኔ እያለሁ ምን ትሆናለህ?" እጁ የሞቀ ነበር። ማስመሪያው ትከሻው ላይ ክብደቷን አወቃት እንጂ ሌላ ነገር አላወቀባትም። እንቁላሉን በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ ቦርሳውን አነሳ። ቀደም ባለው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ከመነሳታቸው በፊት "ጋሼ፣ ዛሬ ምን ምን ልጠንቀቅ?" ብሎ ይጠይቀው ነበር፤ ዛሬ የጠየቀ የለም፤ ያልተጠየቀውም ለምን አልተጠየቅኩም አላለም።

ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። ረዳቱ እሁድ ሁሉ ታሪፍ ከፍ ስለሚያደርግ ከተሳፋሪው ጋር ሲጨቃጨቅ ነበር፤ ታላቅየው ለሁለቱም ከፈለ። የሜዳው መልበሻ ክፍል ሲሚንቶ ወለል፣ አንድ አምፖልና ስድስት ማንጠልጠያ ያለው ክፍል ነው፤ ከስድስቱ ሁለቱ ተነቅለዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው መዳኘት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። በታችኛው ሊግ ጆሮ ላይ የሚሰካ መነጋገሪያ የለም፤ ዳኞች የሚነጋገሩት በባንዲራ፣ በዓይንና በአቋቋም ነው። ደንቡ እንደሚለው በቅጣት ክልሉ አካባቢ ጥፋት ያየ የመስመር ዳኛ መጀመሪያ ባንዲራውን ያነሳል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ነው ብሎ ካመነ ደግሞ ወደ ማዕዘኑ እንጨት ይሄዳል። ታላቅየው ግን ገና በመጀመሪያው ዓመት "ባንዲራውን ተወው" አለው። "ባንዲራ ካነሳህ ሕዝቡ አንተ ሰጠኸው ይላል። የመሀል ዳኛው እኔ ነኝ። እግርህ ይበቃኛል።" ከዚያ ወዲህ ቋንቋቸው እግር ሆነ። ታናሽየው ከቆመ ምንም የለም፤ ወደ ማዕዘኑ ከሮጠ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። እንከን የማይወጣለት ዘዴ ነበር። ታላቅየው አርባ ሜትር ርቆ ቆሞ እጁን ወደ ነጥቡ ሲዘረጋ ሰው ሁሉ ይደነቅ ነበር፤ አንዴ ጋዜጣ ላይ "ዓይነ ንስሩ ዳኛ" ተብሎ ተጽፎለት፣ እናታቸው ቆርጠው ፍሬም አስገብተውታል።

ዘዴው አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። የመስመር ዳኛ ወደ ግብ መስመር የምትሄድን ኳስ ሁሉ እስከ መጨረሻው ሮጦ መሸኘት አለበት፤ ኳሷም ወደዚያው ወደ ማዕዘኑ አካባቢ ከሄደች ሩጫው ከሩጫ ይምታታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ታናሽየው ሁለት ቅጽበት ቆም ይላል፤ ወንድሙን በዓይኑ ይይዛል፤ ራሱን ነቅንቆ "የለም" ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚሮጠው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም።

ጨዋታው ሲጀመር ማስመሪያው ራሱን ታዘበ። እንደዚያን ቀን ጥሩ ሆኖ አያውቅም። ሌላ ጊዜ ከጀርባው የተቀመጠው ተመልካች እናቱን ሲሰድበው፣ አባቱን ሲሰድበው፣ ያልወለዳቸውን ልጆቹን ሳይቀር ሲሰድብለት ጆሮው ይቆም ነበር፤ ዛሬ ስድቡ የሌላ ሰው ይመስል ያልፋል። ኃላፊው ከሜዳው ማዶ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ጥላ ዘርግተው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ መኖራቸውን ያውቃል፣ አያስጨንቁትም። ተከላካዮቹ ሲወጡ ይወጣል፣ ሲወርዱ ይወርዳል። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ አጥቂው በአንድ ትከሻ ቀድሞ ነበር፤ ባንዲራው ወጣች። ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ሜዳው ሁሉ "ከጨዋታ ውጪ!" ብሎ ሲጮህ፣ በወዲያኛው ጥግ የቀረ አንድ የተከላካይ ተረከዝ አይቶ ባንዲራውን ዝቅ እንዳደረገ ሮጠ፤ ልክ ነበር። ትኩረት ማለት ይሄ ከሆነ፣ አለ በልቡ፣ ለካ ምንም አለመሰማት ነው፤ እኔ ምስማር ስቆጥር ከረምኩ።

ሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ላይ ገና ያለ ግብ ነበሩ። የእንግዳው ቡድን አጥቂ ኳስ ይዞ ወደ ቅጣት ክልሉ ገባ። የባለሜዳው ቡድን ትልቁ ተከላካይ፣ ሰው ሁሉ መላጣው የሚለው፣ ተንሸራቶ ኳሷን ብቻ ለይቶ ነካት። ማስመሪያው ከአሥራ ሁለት ሜትር ላይ እኩል ቆሞ አየው፤ እግር ከእግር አልተነካካም። አጥቂው ግን ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ነገሩ ትዝ ያለው ይመስል ተወርውሮ ወደቀና ጮኸ። ኳሷ ወደ ግብ መስመሩ፣ ወደ ማዕዘኑ በኩል ቀስ እያለች ተንከባለለች። ማስመሪያውም ሊሸኛት ሮጠ። አልቆመም። ወንድሙን አላየም። ራሱን አልነቀነቀም። እግሩ ብቻ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ያዘ፤ አራተኛው ወይም አምስተኛው እርምጃ ላይ ወዴት እየሮጠ እንደሆነ ሲገባውና ፊሽካው ሲነፋ አንድ ሆነ። ዞር ሲል ታላቅ ወንድሙ ከመሀል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ቆሞ እጁን ወደ ነጥቡ ዘርግቷል። በራስ መተማመኑ ያስቀናል።

ያን ጊዜ መደረግ ያለበት የታወቀ ነው፤ ጀማሪ ዳኛም ያውቀዋል። ባንዲራ ማንሳት፣ የመሀል ዳኛውን መጥራት፣ በጆሮው "ጥፋት የለም፣ ኳሷን ተከትዬ ነው" ማለት። ምቱ እስኪመታ ድረስ ጊዜ አለ። ኃላፊው ፊት እንዲህ ያደረገ የመስመር ዳኛ ትኩረት የለውም የሚለው አይኖርም፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ማስመሪያው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበ፣ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ። ባንዲራው በቀኝ እጁ ነበረች። ክንዱን እንዲያነሳት አዘዘው፣ ወይም ያዘዘው መሰለው። ክንዱ አልተነሳም። መላጣው ቀድሞ ቢጫ ነበረበት፤ ሁለተኛው ወጣ፣ ቀጥሎ ቀዩ። የቡድን ጓደኞቹ የመሀል ዳኛውን ከበው ሲጮኹ መላጣው አልጮኸም፤ ማሊያውን አውልቆ ከሜዳ ሲወጣ መንገዱን አሳብሮ ወደ መስመሩ መጣ። በሳምንቱ ቀናት ቀለም ቀቢ ነው፤ የመስኮት ልኬት ይዞ መስታወት ቤት ድረስ ስለሚመጣ ይተዋወቃሉ።

"ማስመሪያ" አለው በዝግታ። "አንተ አይተሃል አይደል?"

ማስመሪያው ዓይኑን ወደ ቅጣት ክልሉ መለሰ።

"እነሱ ምንም ይበሉ። አንተ አይተሃል?"

"ውጣ፣ ወንድሜ" አለው ማስመሪያው። "ጨዋታው ይቀጥል።" መላጣው ትንሽ ጠበቀውና ሄደ። ማስመሪያው ደግሞ የግብ መስመሩና የቅጣት ክልሉ መስመር በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ ለፍጹም ቅጣት ምት የመስመር ዳኛ መቆም ባለበት ቦታ ላይ፣ እግሩን ገጥሞ ቆመ። ምቱ ተመታ፤ ገባ። ኳሷ መረቡን ስትነካ ባንዲራ ይዞ ወደ መሀል ሜዳው መስመር ሮጠ፤ ግብ መሆኑን ማረጋገጫው እንዲህ ነውና። ከዚህ በኋላ የሚባል ነገር የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ጨዋታው አንድ ለዜሮ አለቀ፤ ከተመልካቹ ወገን አንድ የላስቲክ ጠርሙስ ተወርውሮ ታላቅየው ጫማ ሥር ወደቀ፣ እሱም ሳያየው ረገጠው።

ኃላፊው መልበሻ ክፍል ሲገቡ ታላቅየው ካልሲውን እያወለቀ ነበር። በሩን ዘጉ፤ ጥላቸውን ከተነቀሉት ማንጠልጠያዎች አንዱ ላይ ሊሰቅሉ ሞክረው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። "ቅጣት ምቱን ማን ሰጠው?" አሉ።

"እኔ" አለ ታላቅየው።

"ሠላሳ አምስት ሜትር ርቀህ ነበር እኮ።"

"አየሁ።"

"ረዳትህ ነግሮህ ነው?"

ማስመሪያው ቀና አለ። ታላቅ ወንድሙ ካልሲውን ጠቅልሎ ጫማው ውስጥ ከተተ። "እሱ የለበትም" አለ። "ባንዲራውን ሲያነሳ አይተዋል? አላነሳም። የኔ ውሳኔ ነው፤ ከተሳሳትኩ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ኃላፊው ደብተራቸውን ገለጡ። የመላጣውን እግር ከማዶ ሆነው ጥርት አድርገው እንዳዩት፣ ጥፋት የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ይህም በዚህ ዓመት ሦስተኛው ስህተቱ እንደሆነ ተናገሩና ታላቅየውን "እስከሚቀጥለው ስብሰባ ፊሽካህን አስቀምጥ" አሉት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ ወደ ታናሹ ዞሩ። "አንተን ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ነው ያየሁህ። አንድ ጊዜ ከመስመርህ አልወጣህም። ያቺን ኳስ እንኳ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲጮህ አንተ እስከ መጨረሻው ሸኝተሃታል። ስለ ቅጣት ምቱ አልጠይቅህም፤ በወንድምህ ላይ ምስክር አላቆምህም፣ ነውር ነው።" ደብተራቸውን ዘጉ። "ጠዋት ወንድምህ ትኩረት የለውም ብሎኝ ነበር። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ስምህ ይገባል፤ የሚቀጥለው እሁድ ላይኛው ሊግ ትጀምራለህ።"

አምፖሉ ዝዝ የሚል ድምፅ ነበረው፤ እስከዚያን ሰዓት ማንም አልሰማውም። ማስመሪያው አሁን አፉን ቢከፍት ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ አየሁ፣ ዝም አልኩ። የሁለቱም ቃላት አፉ ውስጥ ነበሩ። "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ኃላፊው ጨበጡት፤ ጥላቸውን አንስተው ወጡ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ግማሽ ባዶ ነበር፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለት ፌርማታ አለፉ። ታላቅየው መስኮቱን እያየ "እሳቸው ሲናገሩ አልደነገጥክም" አለ። "ታውቅ ነበር።"

"ጠዋት ሰማሁህ። ቧንቧው ጋ ነበርኩ።"

"ታዲያ በዚያ ነው ያደረግከው?"

ማስመሪያው አሰበበት። ሊበቀል ነው ዝም ያለው ቢባል ኖሮ ቢያንስ የበቀል ያህል ሊሞቀው ይገባ ነበር። "አላውቅም" አለ። እውነቱን ነው። "ኳሷን ተከትዬ ነው የሮጥኩት። ጥፋት አልነበረም። ራሴን መነቅነቁን ረሳሁት፤ ከዚያ በኋላ ግን አውቄ ነው።"

ታላቅየው ለረጅም ጊዜ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች አነቃነቀ። ከዚያ ከአራት ዓመት ወዲህ ከሃያ ሜትር ወዲያ ያለ ሰው ፊት እንደማይታየው ነገረው። ማሊያ ያያል እንጂ ሰው አያይም፤ እግር ሲጋጭ አያይም፤ ኳስ እንኳ ፀሐይ ካለ ትጠፋበታለች። ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ወረቀት ይጽፉበታል፣ ወረቀት ከተጻፈበት ፊሽካው ይቀራል፣ ፊሽካው ከቀረ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ጠመኔና መጥረጊያ የሚያድል የንብረት ክፍል ሠራተኛ ብቻ ይሆናል። "አንተን ግን አቋቋምህንና አሯሯጥህን አውቀዋለሁ" አለ። "ከመቶ ሰው ውስጥ አውቀዋለሁ። አንተ ወደ ላይ ከወጣህ እኔ በማን ዓይን አያለሁ? ለዚያ ነው።" ትንሽ ቆይቶ ጨመረ። "ዛሬ ስምህን ብጠራ፣ የሱን እግር ለምን ታያለህ ብለው ዓይኔን ያስመረምሩኝ ነበር። ደግሞም ወንድሜ ነህ።" ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም አልተናገረም፤ ማስመሪያውም አልጠየቀም።

"ብትነግረኝስ ኖሮ?"

"ትነግራቸው ነበር።"

"አልነግራቸውም ነበር።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አለ ታላቅየው። "ዛሬም አልተናገርክም።" ረዳቱ ሒሳብ ሲል ታላቅየው ኪሱን ሲዳብስ ማስመሪያው ቀድሞ ለሁለቱም ከፈለ።

ቤት ሲደርሱ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። እናታቸው ማካሮኒ ሠርተዋል፤ ሥጋው ተወዷል ብለው በትንሹ ነው የጣሉበት፣ የጣሉበትንም እየለቀሙ ወደ አንድ በኩል ሰብስበውታል። "እህ?" አሉ ገና ከበር። ማስመሪያው ቦርሳውን ሲያስቀምጥ ታላቅየው እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ፊቱን በሙሉ ወደ ብርሃን አመጣው። ያቺን ለስላሳ ድምፁን አልነበረም ያወጣው፤ የቤቱን ነበር። "ልጅሽ አለፈ" አለ። "የሚቀጥለው እሁድ ላይኛው ሊግ ነው። ኃላፊው ራሳቸው ናቸው የነገሩት።"

እናታቸው ማንኪያውን እንደያዙ ወንበር ፈለጉ፤ አራተኛውን ወንበር ስበው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ማሊያ በሚሰቀልበት ላይ ተቀመጡ። አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ሟች ባላቸውን ጠሩ። ከዚያ ታናሹን ገላመጡት። "ምነው አንተ፣ ድንጋይ ሆንክሳ! አሥራ አንድ ዓመት ከጎኑ አድርጎ ያስተማረህ ማን ነው? ዛሬስ ስለ አንተ ለኃላፊው ማን ተናገረ? ጠዋት ስልክ ላይ ስላንተ ሲያወራ እኮ ሰምቼዋለሁ፤ ስምህን እያነሳ ሲለምናቸው ነበር፣ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ተነስ! ወንድምህን አመስግነው።"

ማስመሪያው ወንድሙን አየ። ወንድሙ ወደሱ አቅጣጫ እያየ ነበር፤ ጠረጴዛው ጠባብ ነው፣ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፣ ከዚህ ርቀት ሁሉንም ያያል። የሚጠብቅ ዓይን ነበር። ማስመሪያው ተነሳ።

"አመሰግናለሁ፣ ጋሼ" አለ።

"ምን አደረግኩና" አለ ታላቅየው። "ብላ፤ ይቀዘቅዝብሃል።"

ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቀው የዋለው ነገር ያን ጊዜ መጣ። ቁጣ መስሎት ነበር፤ ኀፍረት ነበር። ከጆሮው ጀምሮ አንገቱን ይዞ ወረደ፣ ፊቱን አጋለው፤ እናቱ ግን ደስታ መስሏቸው "አየኸው! አየኸው ፊቱን!" እያሉ ለታላቁ አሳዩት። መላጣው ቀለም ቀቢ በዚህ ሳምንት የመስኮት ልኬት ይዞ መስታወት ቤት ይመጣል፤ ልኬቱን ተቀብሎ መስታወቱን ይቆርጥለታል፣ ስለ ሌላ ነገር አይነጋገሩም። እናቱ ተሰብስቦ የቆየውን ሥጋ በሙሉ ዛሬ ወደ ታናሹ ሳህን ገለበጡ። "ለላይኛው ሊግ ዳኛ" አሉ። ማስመሪያው ሹካውን አንስቶ በላ። ሳህኑን ሲጨርስ ጨመሩለት፤ የጨመሩለትንም በላ።